አገዳ የመሰለችው ምንሽር

ለእህቴ ለዘሃራ ዓብዱ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ብለሽኝ ነበር፤ የላክንልሽ ቅባት ደረሰሽ? ሪድዋን እንዴት ነው? እንደ ድሮው ሌሊት ነው የሚሠራው ወይስ ወደ ቀን አዞሩለት? ኢልሃምስ? ቁመቷ ካንቺ በለጠ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? አማርኛውን ብትረሳ እንኳ ኦሮምኛውን እንዳትረሳ ብለው አባባ አደራ ብለዋል። ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙናም ልጆቹም ደህና ናቸው። አባባም ደህና ናቸው። ስለ እሳቸው ግን «ደህና ናቸው» ብዬ የማልፈው ነገር ስላልሆነ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። አንቺ ስትደውዪ አባባ አጠገቤ ካሉ «ድምፁን ከፍ አድርገው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሳቸው ምን ይወራል? እሳቸው በሌሉበት ልደውል ብል ደግሞ እኔ በስልክ ነገር ማስረዳት አልችልበትም፤ ከግማሽ ሳልደርስ ይቋረጣል። ዙቤይዳ ዘመዶቿን ጠይቃ ሰኞ ወደ ጅዳ ትመለሳለች፤ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ሥራ ስትጨርሺ ተቀምጠሽ አንብቢው።

በረመዳን የተነጋገርነውን አልረሳሽም። ከዚህ አዝመራ በኋላ የጨፋውን መሬት ለእኩል አራሽ ይስጡና ከሚሴ እኔ ጋ ይግቡ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔም ደግ ብያለሁ። እማ ከሞተች ወዲህ እዚያ ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን መሆናቸው እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ስነግራቸው «ማሽላው ይግባና እናያለን» አሉ። «እናያለን» ሲሉ እንቢ ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም አልገፋኋቸውም፤ ማሽላው እስኪገባ ልጠብቅ ብዬ ነበር።

ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ችግሩ ዝንጀሮው ነው። ማሳው ከኮረብታው ሥር በመሆኑ መንጋው ከላይ ተቀምጦ ሁሉን ያያል። ሴት ብትመጣ ከሰው አይቆጥራትም። ጎረምሳ ዱላ ይዞ ቢመጣ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይጠብቀዋል። አባባ ከነምንሽራቸው ሲመጡ ግን ገና ከሩቅ አንዱ አውራ ይጮሃል፤ መንጋው ወደ ገደሉ ይሸሻል። እዚያ ሆኖ ደግሞ አይተዋቸውም። ወደ ላይኛው ጫፍ ሲወጡ በታች ይገባል፤ ወደ ታች ሲወርዱ በላይ። አምና ለቤት ከገባው ዝንጀሮው የበላው ሳይበልጥ አይቀርም።

ያቺን ምንሽር እንዴት እንደሚይዟት ታውቂያለሽ። ከአያታችን የወረሷት ናት፤ ፈቃዷም በስማቸው ነው። ሰደፏን በቅቤ ያሻሉ፣ ብረቷን በዘይት ይወለውላሉ። አያታችን ሰደፏ ላይ የመቷቸው የነሐስ ምስማሮች ሜዳ ተሻግረው ያበራሉ። ሰርግ ቤት ሲገቡ ሰው ቀድሞ የሚያየው እሷን ነበር። ዝንጀሮውም የሚያየው እሷን ነው። አብዶ፣ የማሳ ጎረቤታቸው፣ አንድ ቀን ድንበሩ ላይ ቆሞ «ዓብዱ፣ ጀልዴሳው አንተን የሚፈራ መሰለህ? መስታወትህን አይቶ ነው። እሷን አጥር ላይ ስቀልና አንተ ቤትህ ተኛ፤ ለውጥ የለውም» አላቸው። አብዶን ታውቂዋለሽ፤ ሳይተናኮል አይውልም። አባባ ሁልጊዜ ይመልሱለት ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰደፏን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ በባጃጅ እኔ የምሠራበት ጋራዥ በር ድረስ መጡ። ጥይቷን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ምንሽሯን አንድ የመኪና ኮፋኖ ላይ አጋደሟት። «ይህን ብርሃኗን አጥፋልኝ» አሉኝ። በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም፤ ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «ቀለም ቀቢ አይደለህ? አገዳ አስመስላት» አሉ። ሰው እንዲያይላቸው ዕድሜ ልካቸውን ያሹትን ዕቃ ማንም እንዳያየው አድርግልኝ ሲሉኝ ፊታቸውን አየሁ። የሚቀልዱ አልነበሩም። ቀበሌ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ቁጥሯ ይታይ እንጂ ቀለሟ የራሳችሁ ጉዳይ ነው አሉኝ።

በላይን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። የጋራዡ ባለቤት እሱ ነው፤ በወጣትነቱ የወታደር መኪና ይነዳ ነበር። መጀመሪያ ሊስቅ ነው የቀረበው፤ ቆይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አብረን ጀመርነው። ከሁሉ የከበደው ቅቤውን ማስለቀቅ ነበር። የስንት ዘመን ቅቤ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ በቤንዚን ወለወልኩት፣ አደረቅሁት፣ ደግሞ ወዛ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ የወዛውን እየጠረግሁ ዋልኩ። ከዚያ ቀለሙ እንዲይዝ እንጨቱንም ብረቱንም በለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አደረግሁ። የነሐስ ምስማሮቹን ልንቀላቸው ወይ ብዬ ወደ አባባ ደወልኩ። «አባቴ የመታውን ምስማር አንተ ትነቅላለህ? ሸፍናቸው» አሉኝ። አፈሙዟን በጨርቅ ወተፍኩ፤ ማነጣጠሪያዋን፣ ቃታዋንና ቁጥሯን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ።

መጀመሪያ የደረቀ አገዳ የሚመስል ነጣ ያለ ቢጫ በጥብጬ በኮምፕረሰር ነፋሁባት። እኔ ጥሩ የሆነች መስሎኝ ነበር። በላይ ዞር ዞር ብሎ አያትና «የእርዳታ ድርጅት መኪና አደረግሃት፤ ባንዲራ ብቻ ነው የቀራት» አለኝ። ማሳ አንድ ቀለም እንደሌለው፣ አገዳው ከሚታየው ይልቅ በአገዳውና በአገዳው መሃል ያለው ጨለማ እንደሚበዛ ነገረኝ። «ሄደህ ተቀመጥና እየው» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ሄድኩ። እዚያ ማሳ ውስጥ አይደለም እንዴ ያደግሁት? ከአገዳው ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ቀለም ቀቢ ሳየው ግን ማሽላ አይቼ የማላውቅ መሰለኝ። ከላይ ነጭ፣ ከመሃል ቡናማ፣ ከሥሩ ጥቁር ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ የተሰበረ ቦታ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው። ምንም ነገር ዳር ድረስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የደረቀ ቅጠል ታቅፌ ተመለስኩ። ቅጠሉን በምንሽሯ ላይ አጋድሜ በክር አሰርኩና ላዩ ላይ ጥቁር ቡናማ ነፋሁ። ክሩን ስፈታ ከየቅጠሉ ሥር የቅጠሉ መልክ ነጥቶ ቀረ። ሌላ ቅጠል በሌላ አቅጣጫ አስሬ ሌላ ቀለም ነፋሁ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ የብረቱ ዳር ጠፋ፤ እንጨቱ የት አልቆ ብረቱ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ግን የመኪና ቀለም ነውና ያበራል። ከጎን ሲያዩዋት ያው የድሮዋ ናት። በላይ ሹፌር ሳለ ቀለሙ ሳይደርቅ አፈር ይበትኑበት እንደነበር አጫወተኝ። «ከየትም አይደለም፤ ከሚቆሙበት ቦታ ነው የሚዘገነው» አለ። ከአባባ ማሳ አፈር አመጣሁና ቤት ነፋሁት። ሙና ወንፊቷን ስታየው «ምን ቀረህ፣ ዛሬ ደግሞ አፈር ልትጋግርልን ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ በዚያ ወንፊት ዱቄት አልነፋችም፤ አዲስ ገዝቻለሁ።

የመጨረሻውን ቀለም ስስ አድርጌ ነፍቼ፣ ሳይደርቅ ያን አፈር በጣቴ እየቆነጠርኩ በተንኩበት። ሲደርቅ ትርፉን በብሩሽ ጠረግሁ። ብርሃኗ ጠፋ። ለማየት ያህል ጋራዡ በር ላይ ለከብት የተራገፈ የአገዳ ክምር ነበርና እላዩ ላይ አጋደምኳት፤ በላይን ልጠራው ገባሁ። አብረን ስንወጣ የለችም። መንገደኛ ወስዷታል ብዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በላይ ከኋላዬ «ና ተመለስ» አለኝ፤ ክምሩ ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል፤ እጁ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ቀና ብሎ አየኝና «ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሠራነው?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃ የቀባሁት ሰው እንዲያየው ነው። ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ የምለው አላገኘሁም።

ለአባባ ስወስድላቸው ዞር ዞር ብለው ያዩዋታል ብዬ ጠበቅሁ። አላዩዋትም። ዓይናቸውን ወደ ኮረብታው አድርገው በመዳፋቸው ከአፈሙዟ እስከ ሰደፏ ዳሰሷት። በቀለሙ ሥር ምስማሮቹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ነኳቸው። «ሻክራለች፤ ደህና ናት» አሉ። በዚህ አበቃ። ያን ሁሉ ደክሜ አንድ ጊዜ እንኳ አላዩልኝም ብዬ ተቀይሜ ነበር የተመለስኩት፤ ለሙናም ነግሬያታለሁ።

ዝንጀሮው አላያትም። አባባ አገዳው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁት፤ አውራው ከነመንጋው ወርዶ ማሳው መሃል ሲደርስ ወደ ሰማይ ተኮሱ። አብዶ ያን ሲያወራ ጅራት ብቻ ይቀረዋል እንጂ ራሱ ዝንጀሮውን ይሆናል። መንጋው ከዚያ ብዙ ቀን ብቅ አላለም። የቀበሌው ሰው ሁሉ ምንሽሯን ለማየት መጣ። አብዶም የራሱን ጠብመንጃ ተሸክሞ ጋራዥ መጥቶ «እኔን ግን ጤፍ አስመስለኝ፤ ከዓብዱ ጋር እንዳንምታታ» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣልሽ።

በኅዳር ማሽላው ከፊሉ ታጨደ። አገዳው መሬት ላይ እንደተጋደመ ነው። አንድ ቀን አባባ ምንሽሯን አገዳው ላይ አስቀምጠው ለዙሁር ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቦዩ ወረዱ። ተመልሰው ሰገዱ። ሰግደው ሲያበቁ እጃቸውን ሰደዱ፤ የለችም። አብዶ ደወለልኝ። በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ ነገሩ የከፋ መሆኑን በዚያ አወቅሁ። ከበላይ ጋር በባጃጅ በረርን። የጠፋ ጠብመንጃ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ፈቃዱ በስማቸው ነው። ሰው እጅ ገብታ ደም ብታፈስ ደሙ የሚጠራው አባባን ነው።

ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ማሳው ውስጥ ነው። አባባ ሶላት የሰገዱበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። «ሰው አትጠርጥር፤ በዚህ በኩል ያለፈ ሰው የለም፤ ኮቴ አልሰማሁም» አሉኝ። ጎን ለጎን ተሰልፈን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽን። ዞረን ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ፈተሽን። እኔ እያንዳንዱን ቅጠል ያሰርኩ፣ እያንዳንዱን ቀለም የበጠበጥኩ ሰውዬ፣ ላገኛት አልቻልኩም። እያየኋት አላያትም ነበር። አገዳ ሁሉ እሷን ይመስላል። አንዱን አነሳለሁ፣ አገዳ ነው። አብዶ በመጨረሻ አላስችል ብሎት «ዓብዱ፣ ልጅህ እጀ መድኃኒት ነው፤ ብርሃኗን አጥፋልኝ ብትለው እሷንም አጠፋልህ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

አባባ ተነሱ። «ዓይናችሁን ተዉት» አሉ። ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁና «ጫማ አውልቁ፤ በእግር ፈልጉ» አሉ። አወለቅን። በላይ የከተማ ሰው ነው፤ የአገዳው ጉቶ እየወጋው በየእርምጃው የማርያምን ስም ይጠራል። ሁላችንም ጎንበስ ብለን እግራችን የሚያርፍበትን እያየን ነው የምንሄደው። እኔ ቀና ብዬ አባባን አየሁ። እሳቸው ወደ መሬት አያዩም። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ መሬቱን ዳሰስ አድርገው፣ ከዚያ ሌላውን እያስከተሉ ይሄዳሉ። አንድም ጊዜ አልተደናቀፉም። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ሳያዩ ዞሩ። ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ሳያዩ ቆሙ። እህት ዓለም፣ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አባታችን አያዩም። ምንሽሯን ሳመጣላቸው ያላዩዋት ንቀዋት አልነበረም።

ሁላችንም ደጋግመን ያለፍንበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እግራቸውን አላነሱም። ጣታቸውን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሱ። «ኩኖ» አሉ፤ ይኸውላችሁ ማለታቸው ነው። አብዶ ሮጦ ሄዶ ከእግራቸው ሥር አነሳት። ከፊቴ ሲያነሳት እንኳ መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነበር፤ ቀጥሎ ነው የያዘውን ያወቅሁት። ሰውየው ወሬኛ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ምንሽሯን በሁለት እጁ አቀበላቸውና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ።

ሰው ሲበተን ጠየቅኋቸው። ቀኝ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ከጨለመ ቆይቷል፤ ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። «ታዲያ እንዴት አድርገው ነው የሚያርሱት፣ እንዴት ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው። «ይህን መሬት ለማወቅ ዓይን አያስፈልገኝም። ከተማ ግን ያስፈልገኛል። እዚያ በአጥርና በአስፋልት መሃል ዕውር ነኝ፤ እዚህ አይደለሁም» አሉኝ። ቀጠሉና «ለዘሃራ አትንገራት። ደግሞ ቀለሙ የተረፈህ እንደሆነ እኔንም ቀባኝና ተዉኝ» አሉ። ፈገግ ብለዋል፤ ቀልዱን ግን ለቀልድ አላሉትም።

እኔ ግን አልተውኳቸውም። እንዲያውም ባሰብኝ። ዓይነ ሥውር አባት ሜዳ ላይ ጥዬ እንዴት እተኛለሁ ብዬ በሳምንቱ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ይዤ ሄድኩ። ዕቃቸውን ሰብስቤ፣ ቢቆጡም ይቆጡ ብዬ፣ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ላመጣቸው ነበር። ጎጆው ባዶ ነው። ያልታጨደው ማሽላ ዳር ቆሜ «አባ፣ ኤሳ ጂርቱ? የት ነዎት?» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ልጣራ አፌን ስከፍት አብዶ ከድንበሩ ሥር ሱሪዬን ጎትቶ አስቀመጠኝ። «ዝም በል፤ እየመጡ ነው» አለኝ።

መንጋው ከኮረብታው እየወረደ ነበር። አውራው ከፊት፣ ልጅ ያዘሉት ከኋላ። እንዲህ ቀርበው አይቻቸው አላውቅም። አውራው ማሳው ውስጥ ገብቶ አንድ ራስ ማሽላ ጎንበስ አድርጎ ቀነጠሰና ተቀምጦ መብላት ጀመረ። ሰው እንደሌለ ሁሉ ተረጋግቶ ነው የተቀመጠው። እኔም ሰው የለም ብዬ ነበር። አባባ የት እንዳሉ በዓይኔ ስፈልግ ከአውራው አጠገብ፣ እጅ ዘርግቶ በሚነካው ቦታ ላይ፣ አገዳው ተነሳ። እንዲህ ነው የታየኝ፤ አገዳው ተነስቶ ሰው ሆነ። ያ አሮጌ ቡናማ ኩታቸው፣ ያ ፊታቸው፣ ጉልበታቸው ላይ የነበረችው ምንሽር፣ ሁሉም ማሽላ ነበሩ፤ ከዚያ አባታችን ሆኑ። አልተኮሱም። አልጮሁም። ለሰው እንደሚናገር ሰው፣ በዝግታ፣ «ካኢ፣ ተነስ፣ ቤትህ ግባ» አሉት።

ያ ዝንጀሮ የጮኸውን ጩኸት ከዚህ በፊት ከእንስሳ ሰምቼ አላውቅም። በአፉ የያዘውን ጥሎ ዘለለ። መንጋው እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ወደ ገደሉ ተመመ፤ ልጆቻቸው ከጀርባቸው ሊወድቁ ደረሱ። ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱም አልቆሙም። አብዶ አጠገቤ «ያ ረቢ» አለ። እኔ ጆንያዎቹን ደረቴ ላይ አቅፌ ቀረሁ፤ ፍርሃት ነው አልልሽም፣ ሌላ ስም ግን አላውቅለትም። አባታችንን ሁልጊዜ የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር።

ሄጄ አውራው የት እንዳለ እንዴት አወቁ አልኳቸው። «ሲያኝክ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው «አንተስ? አባቱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ጆንያ ይዞ ይመጣል?» አሉ። ከድንበሩ ጀምሮ ጆንያው ሲንኮሻኮሽ ሰምተውኛል። ጆንያዎቹን ከእጄ ተቀብለው የማሽላ ራስ እየቀነጠሱ ሞሏቸው። «ለሙና ውሰድላት» አሉኝ። እሳቸውን ላመጣበት የሄድኩበትን ባጃጅ ማሽላ ጭኜበት ተመለስኩ።

ዓይናቸውን የጋረደው ሞራ ይመስላል፤ ሊድን ይችላል። በላይ እናቱን ደሴ ወስዶ አስወጥቶላታል፤ ዛሬ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። እንቢ አሉ። ሐኪሙን ፈርተው አይደለም። ደሴ ብለው ወስደው ከሚሴ ያስቀሩኛል፣ ያን ጊዜ መሬቱም ይሄዳል ብለው ነው። እኔ ብምል አያምኑኝም፤ ጆንያውን ሰምተዋላ። አንቺ ብትምዪላቸው ግን ይሄዳሉ። የከተማውን ነገር ያነሳሽው አንቺ እንደሆንሽ ያውቃሉ፤ አንቺው ከመለስሽው ያምናሉ። ስለዚህ ስትደውዪ «ወላሂ፣ ዓይንዎ ሲድን ወደ ማሳዎ ይመለሳሉ» በያቸው። ድምፁን ከፍ አድርጌ እሰማዋለሁ፤ አብዶም ይስማው፣ ምስክር ይሁን። ከልብሽ ካልሆነ ግን አትማዪ፤ ውሸቱን ከድምፅሽ ይለዩታል።

አሁንም ቢሆን ከተማ ይግቡ የምትዪ ከሆነ፣ መጥተሽ ራስሽ ፈልጊያቸው። እኔ ማሳው ዳር ድረስ አደርስሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያሉበትን ማሳየት አልችልም።

ሙና እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ በርበሬና ድርቆሽ ለዙቤይዳ ሰጥታታለች። ሳሚያ አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። አብዱልጀባርም ሰላም ብሏል፤ ጉንጩን መላጨት ጀምሯል፤ አባባ በመዳፋቸው ዳስሰው ነው ያወቁበት። በላይ ባያውቅሽም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ እግሩ ድኗል። አብዶ ደግሞ «ለዘሃራ ንገራት፣ አባቷን የማየው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎሻል። ለሪድዋን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢልሃምን ግንባሯን ሳሚልኝ። አባባ ሰላም በል አላሉኝም፤ መጻፌን አያውቁምና። ቢያውቁ ኖሮ ከሁሉ ቀድመው ሰላም የሚሉሽ እሳቸው ነበሩ።

ወንድምሽ ቶፊቅ ዓብዱ

ከሚሴ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.